«ባክቴሪያው ይበላዋል»

«ባክቴሪያው ይበላዋል አይደል፣ ኢንጂነር?» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

የቆምነው አየር የሚነፋበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ቡናማ ውሃ እንደ ጉሽ ጠላ ይፍለቀለቃል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ ቆዳ ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልገንም። እኔ የሄድኩት ቆዳ ለማየት አልነበረም። የፍሳሽ ማጣሪያውን ውጤቶች በስልክና በኮምፒውተር የሚያሳይ ዳሽቦርድ እንድሠራላቸው በትንሽ ውል ቀጥረውኝ ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ዲግሪዬ ምህንድስና ቢሆንም ኬሚስትሪ የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ እሱንም በ«ሲ» ነው ያለፍኩት።

«አዎ፣ ይበላዋል» አልኳቸው።

ይቺ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትከነክነኝ ኖራለች። ሙሉ ውሸት ብትሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር። ያስቸገረኝ ግማሿ እውነት መሆኗ ነው። ይህን የምጽፈው ሁለቱን ግማሾች ለመለየት ነው። ጉዳዩ ደግሞ የኬሚስትሪ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ያቆሸሽነውን ሌላ ፍጡር ቢያጸዳልን፣ እኛ ንጹሕ ሆንን ማለት ነው ወይ?

ከእውነቱ ግማሽ ልጀምር።

የበግ ቆዳ ስብ አለበት። ጓንት ወይም ጃኬት ከመሆኑ በፊት ስቡ መውጣት አለበት፤ ስብ ደግሞ በባዶ ውሃ አይለቅም። ስለዚህ ፋብሪካው፣ ቤታችን ሰሃን እንደምናጥበው ሁሉ፣ በሳሙና ዘር ኬሚካል ያጥበዋል። የዚህ ኬሚካል ሞለኪውል አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ፣ ማለትም ረጅሙ የካርቦን ጅራቱ፣ ስብ ይወዳል። በአንድ እጁ ውሃውን፣ በሌላው ስቡን ይዞ የማይስማሙትን ሁለቱን አብሮ ያስኬዳቸዋል። ሽማግሌ በሉት። ሥራውን ሲጨርስ ግን ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ያልተጣራ ከሆነ ወንዝ ውስጥ ያለውን ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ «ማጠብ» ይቀጥላል።

ባክቴሪያ ይህን ጅራት ይበላል። «ይበላል» ስል በምሳሌ አይደለም። እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ጅራቱን ከጫፉ ጀምረው ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጡ ጉልበት ያገኙበታል፣ ይራቡበታል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃ፣ ጥቂት ጨውና ብዙ አዳዲስ ባክቴሪያ ነው። ሳሙናው የለም። ተደበቀ ማለቴ አይደለም፤ በቃ የለም።

ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በሰፊው የተሸጡት የዱቄት ሳሙናዎች ጅራታቸው ቅርንጫፍ ነበረው። ባክቴሪያው ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ ይቸገራል። ውጤቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በዓይን የሚታይ ሆነ፤ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ፣ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ላይ አረፋ ተቆለለ፣ አንዳንድ ቦታ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ሳይቀር አረፋ ይደፍቅ ነበር። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች። የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ጅራቱ ቀጥ ወዳለ ሳሙና ዞሩ። አረፋው ቀነሰ።

ይህን ሳነብ ቆም ያደረገኝ አንድ ነገር ነው። ችግሩን ለመፍታት ማንም የተሻለ ባክቴሪያ አልፈጠረም። የተቀየረው ሳሙናው ነው። የሚያጸዳልንን ፍጡር «ምን መብላት ትችላለህ?» ብለን ጠይቀን እኛ ነን አመላችንን ያስተካከልነው። ጽዳቱ የጀመረው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ሳሙናው የሚሠራበት ቤት ውስጥ ነው።

እኛም የራሳችን የሳሙና ታሪክ አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ትል የሚሸከሙ ናቸውና ከዚህ የተነሳው ምርምር በዓለም ዘንድ ታወቀ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉበት። ታሪኩን የምናስታውሰው እንደ ድል ነው፤ ድልም ነው። እኔ ግን ከቀንድ አውጣው በኩልም ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ከቁጥቋጦ የተለቀመ፣ ፋብሪካ ያልነካው፣ የአያቶቻችንን ነጠላ ያነጣ ሳሙና እንኳ ታች ያለውን ይገድላል። ማንንም የማይነካ እጥበት የለም። የእንዶድ መልካምነት ጉዳት አለማድረሱ ላይ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ቶሎ ፈርሶ ኃይሉን ማጣቱ ላይ ነው። ዕዳ ነው፣ ግን ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ።

እኔ ያደግኩት አቃቂ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው፣ ከተማዋ የሰጠቻቸውን ሁሉ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ልጆች ሆነን አረፋው ሲበዛ «ወንዙ ዛሬ ኦሞ ጠጥቷል» እንል ነበር። ያኔ ያላወቅነው፣ ባክቴሪያ ሳሙናን በደንብ ለመብላት ኦክስጅን እንደሚያስፈልገው ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተጫነበት ወንዝ ውስጥ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ያልቃል። በላተኛው አለ፣ ምግቡም አለ፤ ትንፋሽ ግን የለም።

በወንዙ ዳርና ዳር ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ ይበቅላል፤ የሚጠጣውም ያንኑ ውሃ ነው። ተመራማሪዎች አፈሩንም ቅጠሉንም እየወሰዱ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ለክተውበታል። እናቴ ዛሬም ጎመን የምትገዛው እዚያው ሰፈር ነው። ሦስት ውሃ ታጥበዋለች።

አሁን ወደ ውሸቱ ግማሽ።

ስቡ የወጣለት ቆዳ በክሮሚየም ጨው ይለፋል። ከበርሜሉ ሲወጣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ሠራተኞቹ «ዌት ብሉ» ይሉታል። በተለመደው አሠራር ክሮሚየሙ ሁሉ ቆዳው ውስጥ አይቀርም፤ ቀላል የማይባል ክፍሉ ከውሃው ጋር ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ «ይበላዋል አይደል?» ሲሉኝ ሳሙናውንም ክሮሚየሙንም በአንድ ላይ ማለታቸው ነበር። እኔም በአንድ ላይ ነው የመለስኩላቸው።

ሳሙና የተገጣጠመ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይፈታል። ክሮሚየም ግን ንጥረ ነገር ነው። ባክቴሪያ ቀርቶ እሳትም አይፈታውም። ባክቴሪያ የሚችለው መልኩን መለወጥ ወይም ቦታውን መለወጥ ነው። ክሮሚየም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለት መልክ ነው። ክሮሚየም ስድስት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ ሕዋስ ውስጥ ይገባል፣ ካንሰር ያመጣል። ክሮሚየም ሦስት መርዝነቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ውሃው አሲድ ካልሆነ ይዘቅጣል፣ ከጭቃ ጋር ይጣበቃል። ቆዳ የሚለፋው በሦስቱ ነው። ስድስቱን ወደ ሦስት የሚመልሱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ዘቀጠ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ክሮሚየም ሦስት አፈር ውስጥ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሲያገኝ ከፊሉ ወደ ስድስት ሊመለስ ይችላል። የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ሜዳ ላይ ሲቃጠልም እንደዚያው።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን። ፋይል «ዲሊት» ስታደርጉ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ፋይሉ ሳይሆን አድራሻው ነው። መረጃው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። ዝቃጭ ውስጥ ያለ ክሮሚየም ማንም ሌላ ነገር የማይጽፍበት ዲስክ ነው። እኛ የት እንዳለ እንረሳለን፤ እሱ ግን እዚያው ነው።

ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ብረትን እንዴት እንደሚችሉት ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ። በ1976 ቤልጂየም ውስጥ፣ ከአንድ የዚንክ ፋብሪካ ማዝቀጫ ገንዳ፣ ዛሬ ኩፕሪያቪደስ ሜታሊዱራንስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ሌላውን በሚገድል የብረት መጠን ውስጥ ይኖራል። ምሥጢሩ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ፓምፕ ነው። ዚንኩን፣ ካድሚየሙን፣ ኮባልቱን ከሰውነቱ እየገፋ ወደ ውጭ ያስወጣል። አይበላውም፤ ከአጥሩ ውጭ ይደፋዋል። ፋብሪካ ያስተማረው ይመስላል።

ሜርኩሪን ወደ ተን ለውጠው የሚያባርሩም አሉ። ለእነሱ ጉዳዩ አለቀ፤ ለአየሩ ግን ገና መጀመሩ ነው። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ የሚለውጡ አሉ፤ ይሄኛው ከበፊቱ የባሰ ነው፣ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ባክቴሪያ የእኛ ተላላኪ አይደለም። የራሱን ኑሮ ይኖራል። አንዳንዴ ኑሮው ከእኛ ፍላጎት ጋር ይገጥማል፤ አንዳንዴ አይገጥምም።

ሲገጥም ግን ያምራል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ቡደል በሚባል ቦታ ያለ የዚንክ ፋብሪካ የከርሰ ምድሩን ውሃ በክሎ ነበር። ከ1992 ጀምሮ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ሰልፌትን በሚለውጡ ባክቴሪያዎች እንዲታከም ተደረገ። ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይድ ይሠራሉ፣ ሰልፋይዱ ዚንኩን ይይዘዋል፣ አብረው ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ተሰብስቦ ዚንክ እንዲወጣበት ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። እዚያ ባክቴሪያው ብረቱን አልበላውም፤ ለቀመው። የተለቀመውን የሚቀበል ሰው ደግሞ ከወዲያ ነበር፤ ያውም የበተነው ራሱ።

ከሁሉም ልዩነቱን ያስረዳኝ ይህ ነው። እስቲ በሰፈር ሽምግልና አስቡት። የተሰበረ አጥር ይታጠራል፣ የተወሰደ ገንዘብ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይረሳል፣ መረሳቱም ልክ ነው። የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። ካሳ ይከፈላል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ዕርቅም ይወርዳል። ሆኖም ካሳ የከፈለውን ሰው «ዓይኑን መለሰለት» የሚል ሽማግሌ የለም። ቢል ሽምግልናው ይፈርሳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ በደል ነው።

ወንዝ ሳሙናን ይረሳል። ብረትን አይረሳም። የማይረሳውን ነገር «ጸድቷል» ስንል ወንዙን አላጸዳነውም፤ ለራሳችን የመርሳት ፈቃድ ሰጠን እንጂ። ስለዚህ ለሳሙናው «ይበላዋል» ልክ ነው። ለክሮሚየሙ ልክ የሆነው ቃል «ይይዘዋል» ነው። የተያዘ ነገር ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ዝቃጩ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተጽፎ መኖር አለበት፤ ፋብሪካው ቢሸጥም፣ ባለቤቱ ቢሞትም፣ ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ቢሆንም። ለመጀመሪያው በደል ጽዳት ይበቃዋል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ትውስታ ነው፤ ትውስታ ደግሞ ለባክቴሪያ የማይሰጥ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የአካባቢ ምህንድስና ለተማረ ጓደኛዬ ስነግረው ተናደደብኝ። «አንቺ በቃላት ትጫወቻለሽ» አለኝ። «ታች ያለው ገበሬ የሚፈልገው ዛሬ ያነሰ መርዝ ነው። ፍጹም ካልሆነ አይሁን ካልሽ ማንም ማጣሪያ አይሠራም። ፋብሪካው ቢዘጋ ደግሞ ስንት ሰው እንጀራ ያጣል? አንቺ ደሞዝሽ በዶላር ስለሆነ ነው።»

የመጨረሻዋ ውሸት ናት፤ ደሞዜ በብር ነው። ሌላው ግን እውነት ነው። ገንዳ ያለው ፋብሪካ ገንዳ ከሌለው ይሻላል። ጭቃ ውስጥ የተያዘ ክሮሚየም ጎመን ከሚጠጣው ክሮሚየም ይሻላል። በባክቴሪያ መጠቀም አይገባም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ከጓደኛዬ የምለየው ቃሉ ምንም አያመጣም በሚለው ላይ ነው። ቃሉ በጀት ይወስናል። «በላው» ካልን ለዝቃጩ ማከማቻ ገንዘብ አይያዝም፤ የሌለ ነገር ማከማቻ አያስፈልገውማ! «በላው» ካልን ክሮሚየሙን ከመጀመሪያው ለመቀነስ፣ ከውሃው መልሶ ለመጠቀም፣ ማን ይደክማል? «ያዘው» ካልን ግን ቀጣዩ ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፤ ከዚያስ ማን ይረከበው?

እስካሁን ስለሌሎች ነበር የማወራው። ስለ ራሴ ልንገራችሁ።

ዳሽቦርዱ ሁለት ዓይነት ቁጥር ነበረው። አሲድነትንና ሙቀትን የመሳሰሉት ከሰንሰር በቀጥታ ይመጣሉ። ክሮሚየሙ ግን ናሙና ተወስዶ ላብራቶሪ ከተለካ በኋላ በእጅ ይገባል። በግራፉ ላይ ከፍተኛውን ገደብ የሚያሳይ ቀይ መስመር አስምሬ ነበር። አብዛኞቹ ነጥቦች ከመስመሩ በታች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ዘለው ይወጣሉ፤ አንዳንዴም በጣም።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። ቡና አስፈልተውልኝ፣ ልጃቸው ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር እንደሆነ ነግረውኝ፣ ከዚያ ነው ያሉት። «ኢንጂነር፣ ይሄ ቀይ ነገር ሰው ያስደነግጣል። የወሩን አማካይ ብቻ ብታሳይን አይሻልም?»

አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ መስመር ኮድ ናት። ዘለው የወጡት ነጥቦች ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ከቀዩ መስመር በታች ገቡ። ግራፉ ለስላሳና አረንጓዴ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ!» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም።

በጻፍኩት ውስጥ አንድም የሐሰት ቁጥር አልነበረም። አማካዩ ትክክል ነው፣ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ታዲያ ምን አጠፋሁ? ድሮ ፋብሪካዎች መርዙን በብዙ ውሃ አቅጥነው ይለቁት ነበር። እኔ ያንኑ በቀናት አቅጥኜ ለቀቅኩት። አንድ መጥፎ ማክሰኞ በሃያ ዘጠኝ ደህና ቀናት ውስጥ ሟሟ። ያን ማክሰኞ ውሃውን የሳበው ገበሬ ግን ያጠጣው በወሩ አማካይ አልነበረም። ባክቴሪያው እንኳ ቢያንስ መልኩን ይለውጠዋል። እኔ ምንም ሳልለውጥ ከዓይን አወጣሁት። ያ የቤልጂየሙ ፓምፕ ማለት ነኝ።

ከወራት በኋላ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። የእያንዳንዱን ናሙና ውጤት መልሼ በነፃ ላስገባ፣ አማካዩም ከጎኑ ይሁን አልኩ። መልሱ በጣም ጨዋ ነበር። ሥራሽን ወደነዋል፣ ውሉ ተዘግቷል፣ ለወደፊቱ ሲኖር እንጠራሻለን። አልጠሩኝም። የኔ ኮድ ዛሬም እዚያ እየሠራ ይመስለኛል፤ በደንብ ስለጻፍኩት ይበላሻል ብዬ ተስፋ ማድረግ እንኳ አልችልም።

አሁን ውል ስገባ አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ አማካይ የምናሳይ ከሆነ ጥሬው ቁጥር በአንድ ክሊክ መታየት አለበት። በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ አምልጦኛል። ጀግንነት አይደለም፤ ያጠፋሁትንም አይመልስም። ከላይ እንዳልኩት፣ የማይመለስ ነገር ሲኖር ቢያንስ የት እንዳለ ማስታወስ ነው። ይህ ጽሑፍም ከዚያው ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ቤት ነበርኩ። ጎመን እያጠበች ነው። አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ ውሃ፣ ሦስተኛ ውሃ። አላስችል አለኝና ነገርኳት። «እማዬ፣ አፈሩንና ትሉን ያስለቅቅልሻል እንጂ ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ ነው። በሥሩ ነው የጠጣው፤ መታጠብ አይለቅቀውም።»

እጇን ከውሃው ሳታወጣ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ ከየት ልግዛ፣ ልጄ?» አለች።

የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጎመኑን ከተፈችው፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አበሰለችው። እንጀራ ቀረበ። በላነው።